በ7ኛው ተራ ማን ይጠራ? ዋሽንግተን፣ ድራፍትና የጎደለው ቦታ ጣጣ

በአርሰናልና በማንቼ ላደግን ሰዎች የአሜሪካ ፉትቦል ድራፍት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። እኛ የምናውቀው ኳስ ቀላል ነው። አጥቂ ጎደለ? ገንዘብ ያለው ክለብ ገበያ ወጥቶ ይገዛል። የሌለው በትዕግስት ይጠብቃል፣ ወይም ደጋፊው ያማርራል። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ በሆነው በኤንኤፍኤል ውስጥ ግን ከኮሌጅ የሚወጣ ልጅ አይሸጥም፣ አይገዛም። በተራ ይጠራል። 32 ቡድኖች አሉ፣ ምርጫው 7 ዙር ነው። በውጤት መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል፣ ዋንጫ የበላው ከሁሉ በኋላ። ሀብታም ባለቤት ስላለህ የምታልፈው ሰልፍ የለም።

ተራህ ሲደርስ የምትጠራው አንድ ስም ነው። ጭቅጭቁም እዚህ ላይ ይጀምራል። ቡድንህ የጎደለውን ቦታ ትሞላለህ ወይስ ቦታው ምንም ይሁን ምን በዝርዝርህ ላይ የቀረውን ምርጥ ልጅ ትወስዳለህ?

ዘንድሮ ይህ ጥያቄ በዋሽንግተን አካባቢ ላለን ሰዎች የቤታችን ጉዳይ ሆኗል። የዋሽንግተኑ ቡድን ኮማንደርስ በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ ከሊጉ ፍጻሜ፣ ከሱፐር ቦውል ለመድረስ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት ቆመ። በ2025 ቁጥሩ ተገለበጠና 5 ለ 12 ሆነ። የውድቀቱ ካሳ በፒትስበርግ ከሚያዝያ 23 እስከ 25 ቀን 2026 በሚካሄደው ድራፍት 7ኛው ምርጫ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ ስለ ፕሪሚየር ሊግ የሚከራከረው የሐበሻ ካፌ ሰኞ ሰኞ ስለ ኮማንደርስ መከላከያ ማውራት ከጀመረ ቆይቷል። የመጋቢቱ የተጫዋቾች ገበያ ገና አልተከፈተም። የጎደለው ቦታ ዝርዝር ግን በየቦታው ተሰራጭቷል። ኳርተርባኩን (ኳሱን የሚወረውረውን የማጥቃቱን መሪ) የሚያሳድድ ኤጅ ራሸር፣ ሪሲቨሮችን የሚከታተል ኮርነርባክ፣ በመከላከያው መሐል የሚቆም ላይንባከር፣ ከቴሪ ማክሎሪን ጎን ተሰልፎ ኳስ የሚቀበል ሪሲቨር።

ዝርዝሩ ውሸት አይደለም። ግን ያለፈው ዓመት ዝርዝር ነው። የምትመርጠው ልጅ የሚፈርመው ደግሞ የአራት ዓመት ውል ነው፤ በአንደኛው ዙር ከተመረጠ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ባለፈው ኅዳር የተበሳውን ቀዳዳ እያየህ እስከ 2030 የሚቆይ ሰው ትመርጣለህ ማለት ነው። በእኔ እይታ የብዙ ቡድኖች ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጉድለት ማየት አያቅታቸውም፣ ማንም ያየዋል። የሚያቅታቸው ጉድለቱ እስከ መቼ ጉድለት ሆኖ እንደሚቆይ መገመት ነው።

የዋሽንግተን ደጋፊ ይህን ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። በ2012 ቡድኑ ከ6ኛ ወደ 2ኛ ተራ ለመውጣት ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ለራምስ ሰጠ። የተመረጠው ኳርተርባኩ ሮበርት ግሪፈን ነበር። ከተማው አበደ። ከዚያ ቅዳሜ ዕለት፣ በአራተኛው ዙር በ102ኛው ምርጫ፣ ያው ቡድን ሌላ ኳርተርባክ ጠራ። ከርክ ከዚንስ። ብዙ ሰው ሳቀ። ያን ሁሉ ከፍለህ ኳርተርባክ ካመጣህ በኋላ ሁለተኛ ኳርተርባክ ምን ሊያደርግልህ ነው? ባለፈው ዓመት 11 ጨዋታ የተሸነፈ፣ በየቦታው የተቦዳደሰ ቡድን!

ታኅሣሥ ላይ ግሪፈን ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱን ተመታ። ከዚንስ ገባ፣ ተችዳውን (የአሜሪካ ፉትቦል ጎል) ወረወረ፣ ራሱ ሮጦ ሁለት ነጥብ ጨመረና ጨዋታውን አቻ አደረገ። ዋሽንግተን በጭማሪ ሰዓት 31 ለ 28 አሸነፈ። በቀጣዩ ሳምንት ከዚንስ ክሊቭላንድ ላይ ጀምሮ አሸነፈ። ቡድኑ በዚያ ዓመት ዲቪዚዮኑን (በሊጉ ውስጥ ያለበትን ምድብ) የወሰደው እነዚያን ሁለት ድሎች ይዞ ነው። ጥር ላይ የግሪፈን ጉልበት ጨርሶ ተበጠሰ፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ልጅ አልሆነም። በ2015 ዲቪዚዮኑን ያሸነፈው ዋሽንግተን የከዚንስ ቡድን ነበር። በ2012 የትኛውም የጉድለት ዝርዝር ላይ «ሁለተኛ ኳርተርባክ» የሚል መስመር አልነበረም።

የሚገርመው ያው ከዚንስ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በሌላኛው ወገን መገኘቱ ነው። መጋቢት 2024 አትላንታ በ4 ዓመት 180 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ 100 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። ወር ከምናምን ሳይሞላ ያው አትላንታ በ8ኛው ምርጫ ማይክል ፔኒክስን ጠራ። ኳርተርባክ! አትላንታ ለዓመታት ሲያለቅስ የኖረው ኤጅ ራሸር አጥቶ ነው። በዚያ ድራፍት ጃሬድ ቨርስ የሚባል ኤጅ ራሸር እስከ 19ኛ ተራ ቆይቶ ራምስ ወሰደው፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይም ተባለ።

ታዲያ አትላንታ ተሳሳተ? ከዚንስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ወርዶ ቁጭ አለ፣ ፔኒክስ ገባ። እሺ፣ አርቀው አይተዋል እንበል። በ2025 ደግሞ ፔኒክስ ጉልበቱን ተጎዳና ከዚንስ ተመልሶ ገባ። ሁለቱንም ዓመት ቡድኑ 8 ለ 9 ጨረሰ። የኤጅ ራሸሩ ችግርስ? እሱ የትም አልሄደም። በ2025 ድራፍት አትላንታ በ15ኛው አንድ ወሰደ። አልበቃውም። ተመልሶ አንደኛ ዙር ለመግባትና ሁለተኛ ለመውሰድ የ2026 የአንደኛ ዙር ምርጫውን ሸጠ። ችላ ያሉት ጉድለት ወለዱን ጨምሮ ተከፈለ።

ስለዚህ «ሁልጊዜ ምርጡን ውሰድ፣ ቦታውን እርሳ» የሚሉትንም አልከተልም። አባባሉ ደስ ይላል፣ ብልህ ያስመስላል። አንድ ነገር ግን ይረሳል። ምርጡ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ማጋነን አይደለም። ኬድ ማሲና የኖቤል ተሸላሚው ሪቻርድ ቴለር የድራፍትን ታሪክ አገላብጠው ያገኙት ነገር አለ። በአንድ ቦታ የሚጫወቱ፣ በተከታታይ የተመረጡ ሁለት ልጆችን ውሰድ። ቀድሞ የተመረጠው ከተከታዩ የተሻለ የመሆን ዕድሉ 52 በመቶ ገደማ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን ብዙም አይሻልም። ስካውቶቹ (ልጆቹን የሚመለምሉት) ሰነፎች ሆነው አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አገር ያዳርሳሉ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ኢንዲያናፖሊስ ተሰብስበው ልጆቹን ያስሮጣሉ፣ ያዘልላሉ፣ ጉልበታቸውን በሐኪም ያስመረምራሉ። ሁሉም የሚያየው ግን አንድ ፊልም ነው፤ ልዩነቱ ቀጭን ይሆናል።

በየቡድኑ ክፍል ውስጥ ያለውን ቦርድ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ወደ ታች የሚወርዱት ዓምዶች ቦታዎቹ ናቸው። ኳርተርባክ፣ ታክል (ኳርተርባኩን የሚከልለው)፣ ሪሲቨር፣ ኮርነርባክ እያለ ይቀጥላል። አግድም መስመሮቹ ደረጃ ናቸው። ሁሉም ልጅ ስሙ በትንሽ ካርድ ተጽፎ በደረጃው ይለጠፋል። በአንድ አግድም መስመር ላይ ያሉት ልጆች እኩል ተቆጥረዋል። እዚህ ላይ ነው የጎደለው ቦታ የሚዳኘው። አራት እኩል ካርድ ካለህ የምትፈልገውን ቦታ ውሰድ፣ ማንም አይወቅስህም። ከታችኛው መስመር አንዱን «ቦታው ክፍት ነው» ብለህ ወደ ላይ ካንጠላጠልከው ግን ራስህን እያታለልክ ነው። ልምድ ያላቸው ጄነራል ማናጀሮች ከማንም በላይ የሚፈሩት ድራፍቱ ሊደርስ ሲል ካርድ የሚያንቀሳቅሰውን የራሳቸውን እጅ ነው።

የቦታ ዋጋ

ቦታ ሁሉ እኩል ቢሆን ይሄ ሁሉ ቀላል ነበር። አይደለም። ዋጋውን ገበያው ይናገራል። በ2025 አንድ ቡድን ተጫዋቹን በፍራንቻይዝ ታግ ለአንድ ዓመት ለማቆየት ኳርተርባክ ከሆነ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፍል ነበር፣ ሪሲቨር ከሆነ ወደ 24 ሚሊዮን፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ራኒንግ ባክ ከሆነ ከ14 ሚሊዮን በታች። የድራፍት ክፍያ ግን ቦታ አያይም። በተመረጥክበት ተራ ይተመናል። 7ኛው ምርጫ ራኒንግ ባክም ሆነ ኤጅ ራሸር ያው ነው።

ይህ የመጣው በ2011 ነው። ከዚያ በፊት ቀድሞ የተመረጠ ልጅ ያሻውን ይጠይቅ ነበር። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ ሜዳ ሳይገባ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ፈረመ። በዓመቱ አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን በአዲሱ ደንብ ያገኘው በ4 ዓመት 22 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ድራፍት ማለት ውድ የሆነን ቦታ በርካሽ የመሙያ መንገድ ሆነ። ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ በዋሽንግተን የፈረመው ውል በአራት ዓመት 37.7 ሚሊዮን ዶላር ነው። የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በአንድ ዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን ያገኛል። ልዩነቱን ለሌሎች ተጫዋቾች መክፈል ይቻላል። የቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ በ2025 279.2 ሚሊዮን መሆኑን ስታስብ ትርጉሙ ይገባሃል።

ኳርተርባክ ከሌለህ ይሄን ሁሉ ሒሳብ ተወው፤ ኳርተርባክ ውሰድ። በ2024 ከመጀመሪያዎቹ 12 ምርጫዎች 6ቱ ኳርተርባክ የነበሩት ለዚህ ነው።

ከዚያ በታች ሲወርዱ ነው ክርክሩ የሚጥመው። በ2021 ሲንሲናቲ 5ኛ ተራ ላይ ነበር። ኳርተርባኩ ጆ በሮ ከወራት በፊት እዚሁ ላንዶቨር፣ በዋሽንግተን ስታዲየም ጉልበቱ ተበጥሷል። የሚከላከልለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ይሄን ለማወቅ ስካውት መሆን አያስፈልግም። በቦርዱ ላይ ፔኔ ሱዌል የሚባል ድንቅ ታክል አለ። ሲንሲናቲ ሪሲቨሩን ጃማር ቼስን ጠራ። በዚያው ዓመት ቼስ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ፣ ቡድኑ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ፍጻሜው ላይ በሮ 7 ጊዜ ሳክ ተደረገና (ኳሱን ሳይወረውር ተይዞ ወደቀና) 23 ለ 20 ተሸነፉ።

ታዲያ ማን ልክ ነበር? በዚህ ጉዳይ ሰው ሲጣላ ሰምቻለሁ። እኔ ሁለቱም ወገን ልክ ነበር ባይ ነኝ፣ ይሄም ለመሸሽ አይደለም። ሱዌልን ሁለት ተራ ቆይቶ ዲትሮይት ወሰደው፤ ዛሬ ከሊጉ ምርጥ ታክሎች አንዱ ነው። ያለ ቼስ ሲንሲናቲ ፍጻሜ ላይ አይደርስም፣ በሱዌል ዓይነት ሰው ደግሞ ምናልባት ፍጻሜውን ያሸንፍ ነበር። ጥፋቱ ቼስን መምረጥ አልነበረም፤ በቀሩት ዙሮችና በገበያው መስመሩን (ከኳርተርባኩ ፊት የሚቆሙትን) በቅጡ ሳይጠግኑ ሲዝን መጀመራቸው ነው።

ዲትሮይትን እንከተል። በ2023 በ12ኛው ተራ ራኒንግ ባኩን ጃሚር ጊብስን፣ በ18ኛው ላይንባከሩን ጃክ ካምቤልን ወሰደ። ሁለቱም «ርካሽ» የሚባሉ ቦታዎች ናቸው፣ ተንታኙ ሁሉ ዘለፋቸው። ሁለቱም ኮከብ ሆኑ። ግን ልብ በል፣ ጊብስ የሮጠው ቀድሞ ከተገነባ መስመር ጀርባ ነው፤ ሱዌልም እዚያው አለ። በተቃራኒው ላስ ቬጋስ በ2025 አሽተን ጄንቲን በ6ኛው ተራ ወሰደ። ልጁ ችሎታ አለው። ከፊቱ ግን መንገድ የሚከፍትለት አልነበረም። ቡድኑ 3 ለ 14 ጨርሶ ዘንድሮ አንደኛ መራጭ ሆኗል።

የፒተርስ ሁለት ድራፍቶች

ወደ ዋሽንግተን እንመለስ። ጄነራል ማናጀሩ አዳም ፒተርስ በጥር 2024 ሲመጣ ያገኘው 4 ለ 13 የወጣ ቡድን ነበር። ኳርተርባኩ ሳም ሃውል በዓመቱ 65 ጊዜ ሳክ ተደርጓል፣ 21 ኳስ ለተጋጣሚ አስረክቧል፤ ሁለቱም የሊጉ ከፍተኛ። ፒተርስ መጋቢት ላይ ገበያ ወጥቶ ቀዳዳውን ሁሉ በአጭር ውልና በአንጋፋ ተጫዋች ደፈነ። ቦቢ ዋግነር፣ ዛክ ኧርትዝ፣ ኦስተን ኤከለርና ሌሎችም መጡ። ሚያዝያ ሲደርስ ነፃ ነበር። በ2ኛው ምርጫ ዳንኤልስን ወሰደ፤ የተቀረው ታሪክ ነው።

እኔ ግን የማደንቀው 36ኛውን ምርጫ ነው። ቡድኑ በመከላከያው መሐል ላይ ጆናታን አለንና ዳሮን ፔይን የሚባሉ ሁለት ውድ ዲፌንሲቭ ታክሎች ነበሩት። ምናልባት ብቸኛው ያልጎደለው ቦታ ይሄ ነበር። ፒተርስ ሌላ ዲፌንሲቭ ታክል ጠራ፣ ጆኒ ኒውተንን። ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጥቅምት ላይ አለን የደረት ጡንቻው ተቀደደ፣ «የማያስፈልገው» ልጅ ሜዳ ገባ። በቀጣዩ መጋቢት አለን ጭራሽ ተሰናበተ።

ከዚያ ብዙም የማይወራለት ንግድ አለ። ዋሽንግተን 40ኛውን፣ 78ኛውንና 152ኛውን ምርጫ ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 50ኛውን፣ 53ኛውንና 161ኛውን ተቀበለ። ዳላስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው፣ ቡድኖች አሁንም የሚያጣቅሱት፣ እያንዳንዱ ምርጫ ስንት እንደሚያወጣ የሚተምን የነጥብ ሰንጠረዥ አለ። በእሱ ሒሳብ 40ኛው 500 ነጥብ፣ 78ኛው 200፣ 152ኛው 30 አካባቢ ነው። በሌላ ወገን 50ኛው 400፣ 53ኛው 370፣ 161ኛው ከ30 በታች። ደምረው። ዋሽንግተን በወረቀት ላይ ከ60 ነጥብ በላይ አተረፈ።

ፊላደልፊያ በ40ኛው የጠራው ኩፐር ደጂንን ነው። ኮርነርባክ። በዚያው ድራፍት በአንደኛው ዙር ኩዊንዮን ሚቼልን፣ ሌላ ኮርነርባክ፣ ወስዶ ነበር፤ ዝም ብሎ ደገመ። ዋሽንግተን በ50ኛው ማይክ ሴንሪስቲልን ወሰደ፣ እሱም ኮርነርባክ፣ ደህና ተጫዋች ነው። አልበቃም። ኅዳር ላይ ማርሾን ላቲሞርን ለማምጣት የ2025ን ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ ዙር ምርጫ ከፈለ። ጥር ላይ ፊላደልፊያ ዋሽንግተንን 55 ለ 23 አሰናበተው። ደጂን በ22ኛ የልደት ቀኑ፣ በሱፐር ቦውል ፍጻሜ፣ የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ የፓትሪክ ማሆምስን ኳስ ቀምቶ ተችዳውን አገባ። የነጥብ ሰንጠረዥ እንዲህ ዓይነት ቀን አይቆጥርም።

የላቲሞር ዋጋ ብቻውን ቢሆን ምንም አይደል። በመጋቢት 2025 ደግሞ ታክሉ ላረሚ ተንስል ከሂውስተን መጣ። ዋጋው የዚያን ዓመት ሦስተኛና ሰባተኛ ዙር፣ የ2026 ሁለተኛና አራተኛ ዙር። ሪሲቨሩ ዲቦ ሳሙኤልም በአምስተኛ ዙር ምርጫ ተገዛ። እያንዳንዱ ግዢ ለብቻው ሲታይ ያሳምናል። ዳንኤልስን መጠበቅ ያስፈልጋል፣ አዎ። ቡድኑ ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ርቆ ነበር፣ አዎ። ድምሩ ግን በ2025 ድራፍት አምስት ምርጫ ብቻ ይዞ መግባት ሆነ። እና ከሊጉ በዕድሜ የገፉት ቡድኖች ተርታ መሰለፍ። ዋግነር 35፣ ኧርትዝ 35። በሳክ ቡድኑን የመራው ቮን ሚለር 36 ዓመቱ ነበር! ለሚለር ክብር ነው፤ ለቡድኑ ማፈሪያ።

ከዚያ ጉዳቱ መጣ። ዳንኤልስ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ የጭኑን ጅማት፣ ቀጥሎ ክርኑን ተጎዳ፤ የተጫወተው 7 ጨዋታ ብቻ ነው። ክርኑ የወለቀው ከሲያትል ጋር 38 ለ 7 እየተመሩ በአራተኛው ኳርተር ነው። በዚያ ውጤት በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር እስካሁን አጥጋቢ መልስ አልሰማሁም። ላቲሞርም በዚያው ጨዋታ ጉልበቱ ተበጠሰ። ጉዳት በማንም ይደርሳል። ወጣት ተቀያሪ ያለው ቡድን ግን ይንገዳገዳል እንጂ እንዲህ አይወድቅም። ወጣት ተቀያሪ የሚገኘው ደግሞ ዋሽንግተን ከሸጣቸው ዙሮች ነው፤ ከሦስተኛ፣ ከአራተኛ፣ ከአምስተኛ።

ከዚያ ከቀጫጫው ድራፍት ደስ የሚል ነገር የወጣው ከመጨረሻው ነው። በሰባተኛው ዙር፣ በ245ኛው ምርጫ የተጠራው ጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት የቡድኑ ቀዳሚ ሯጭ ሆኖ ጨረሰ።

አሁን 7ኛው

እንግዲህ ዘንድሮ ስማቸው ከዋሽንግተን ጋር የሚያያዘው ልጆች በሦስት ይከፈላሉ። ኤጅ ራሸሮቹ የቴክሳስ ቴኩ ዴቪድ ቤይሊና የማያሚው ሩበን ቤይን። የኦሃዮ ስቴት ሴፍቲ (ከመከላከያው ኋላ የሚቆም) ኬሌብ ዳውንስ። የኖተርዳሙ ራኒንግ ባክ ጄረማያ ላቭ።

ላቭ ሲሮጥ ማየት ደስታ ነው። ለዚህ ቡድን በዚህ ተራ ግን አልወስደውም። ባለፈው ዓመት በ245ኛው ተራ የሚሮጥ ሰው ያገኘ ቡድን በ7ኛው ሌላ ሯጭ መፈለግ የለበትም። ዳውንስ ከባዱ ነው። ጨዋታውን የሚያነብ ልጅ ነው፣ ብዙዎች በዚህ ድራፍት ካሉት ተከላካዮች ስህተት የማይገኝበት ይሉታል። ሴፍቲ ግን ገበያ ላይ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኝ ቦታ ነው። ኤጅ ራሸር አይገኝም። ጥሩ የሆነውን ማንም አይለቀውም፣ ከለቀቀም ዋጋው ያስደነግጣል። ግሪን ቤይ ባለፈው ነሐሴ ኤጅ ራሸሩን ማይካ ፓርሰንስን ለማምጣት ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫና ተከላካዩን ኬኒ ክላርክን ሰጠ፣ ከዚያ በዓመት 47 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ፈረመ። 7ኛ የሚመረጠው ልጅ በአራት ዓመት ጠቅላላ የሚያገኘው ከዚህ የአንድ ዓመት ክፍያ ያንሳል።

ስለዚህ ቤይሊ ወይም ቤይን ከዳውንስ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከተለጠፉ ኤጅ ራሸሩን ውሰድ። ዳውንስ አንድ መስመር ከፍ ካለ ዳውንስን። ፒተርስ ደግሞ መጋቢት ላይ አንድ ደህና ኤጅ ራሸር ከገበያ ይዞ ይግባ፤ በ2024 እንዳደረገው ሚያዝያ ላይ እጁ ሳይጠመዘዝ ይምረጥ። ገበያው ጉድለቱን ሁሉ አይሞላም። ግን «ዛሬ ካልወሰድኩ ሞቻለሁ» ከሚል ስሜት ያድናል።

ሁለቱም ኤጅ ራሸሮች ካለቁና ዳውንስም ከሄደስ? ያኔ ስልክ ተነስቶ 7ኛው ተራ መሸጥ አለበት። የ2026 ሁለተኛ ዙር ምርጫ ለተንስል ሄዷል፣ አራተኛውም እንዲሁ። ከ7ኛው በኋላ ዋሽንግተን ሁለተኛውን ዙር ሙሉ ቁጭ ብሎ ሌሎች ሲመርጡ ያያል። ኳርተርባክ ወይም ታክል የሚያሳድድ ቡድን አምስት ስድስት ደረጃ ወደ ላይ ለመውጣት የሁለተኛ ዙር ምርጫ ይከፍላል፤ በዳላሱ ሰንጠረዥም ሒሳቡ ይመጣል። በ52 በመቶ ጨዋታ ደግሞ አንድ ጊዜ ከመወርወር ሁለት ጊዜ መወርወር ይሻላል። ዳንኤልስ ከ2026 ሲዝን በኋላ አዲስ ውል መደራደር ይችላል። ያኔ የሚጠይቀው የፕሬስኮትን ዓይነት ገንዘብ ነው፣ ለአንጋፋ ተጫዋች የሚተርፈውም ይሳሳል። ከአሁን ወዲያ የሚያስፈልጉት በርካሽ ውል የሚጫወቱ፣ ዕድሜያቸው ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ አራት አምስት ልጆች ናቸው፤ ከ7ኛው ተራ ብቻ ደግሞ የሚገኘው አንድ ነው።